የጠፍር ሽታ

ትናንት ሮቤ ገበያ፣ ኮርቻ በሚሸጡበት በኩል ሳልፍ፣ ቅቤ የጠጣ ጠፍር ሸተተኝና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። የአባቴ ሽታ ነው።

በንጉሡ ዘመን ጎባ ሳለን፣ አባቴ ቡና ሊያመጣ በበቅሎ የሳነቴን ተራራ አቋርጦ ወደ ደሎ መና ይወርድ ነበር። ጠዋት የጭነቱን ጠፍር እያጠበቀ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎቱን የምትሰማው ግን በቅሎዋ ብቻ ነበረች። ይህ አይገባኝም ነበር። እኛ ሰፈር ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው የሚጠራው በጩኸት ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ከዚያም ይርቃል፣ ከሳነቴ ጉም በላይ።

አንድ ጊዜ አባቴ ከሚመለስበት ቀን ዘገየ። እኔም ከቤታችን ጀርባ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ ወደ ጉሙ ጮህኩ። «እግዚአብሔር ሆይ! አባባን መልስልኝ!»

እናቴ ከቤት ሮጣ መጣች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። በኦሮምኛም በአማርኛም «ኮቱ፣ ነይ ልጄ» ብላ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችኝ። «ምን ያስጮህሻል? እግዚአብሔር እዚሁ አጠገባችን እኮ ነው።» ከዚያም ጎኗ ለተቀመጠ ሰው የምታወራ ይመስል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አደራህን፣ ያለበትን አንተ ታውቃለህ» አለች። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

አባቴ ከዚያ መንገድ አልተመለሰም። እናቴ ግን መርዶው በመጣ ማግስት እንኳ፣ ጠዋት ስትጸልይ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

እኔም ዛሬ በየጠዋቱ እንደሷ በሹክሹክታ እጸልያለሁ። ትናንት ግን ያንን ጠፍር በእጄ ይዤ ወደ ሳነቴ ስመለከት፣ ጩኺ ጩኺ አለኝ።