በአይሁድ ቅርስ ሙዚየም ጫማቸውን ያወለቁት ጋሽ ወርቅነህ

በሲልቨር ስፕሪንግ የአረጋውያን ማኅበራችን ሰብሳቢ የነበሩት ጋሽ ወርቅነህ ባለፈው ሐሙስ አርፈዋል። ሐኪሞቻቸው ከሰጧቸው ጊዜ አራት ወር ዘግይተዋል፤ ለየትኛውም ቀጠሮ በሰዓቱ ደርሰው እንደማያውቁ የምታስታውሱ በዚህ አትገረሙም።

የሚዘገዩበት ምክንያት አንድ ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ከጌይተርስበርግ እስከ ፔትዎርዝ እየዞሩ፣ መንዳት ያቆሙ አረጋውያንን በቫናቸው ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ለቅሶ ያደርሱ ነበር። «የእኔ መኪና የምትነሣው ስትሞላ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ወንበር ባዶ ከሆነ ደውለው ሰው ይጨምራሉ። ቤቱ ብቻውን ሊውል የነበረ ሰው በማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ራሱን ያገኘዋል፤ ተደስቶም ይመለሳል።

ዋሽንግተን የሚገኘውን የአይሁድ ታሪክና ቅርስ ሙዚየም እንጎብኝ ያሉትም እርሳቸው ነበሩ። እኔ በአስተርጓሚነት ተጠራሁ። የተስማማሁት ከቸርነት አልነበረም። በግዕዝ ብራናዎች ጥናት ሦስተኛ ዲግሪ አለኝ፤ የምሠራው ግን እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድርያ በሚገኝ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ነበር። ሙዚየሙ የቤተ እስራኤል የብራና ኦሪት እንዳለው ስለማውቅ ለሥራ ሦስት ጊዜ አመልክቼ አንድም መልስ አላገኘሁም። ያን ቀን ከብራናዎቹ ስብስብ ኃላፊ ጋር በወግ ለመተዋወቅ አስቤ ነበር።

«እባክዎ ጋሽ ወርቅነህ፣ ስለ እኔ ምንም እንዳይናገሩ።»

«አንድ ቃል አይወጣኝም፣ ልጄ።»

ኦሪቱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተገልጦ ተቀምጧል። ጋሽ ወርቅነህ የግዕዙን ፊደል ሲያዩ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ከዚያም ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። በቫናቸው ያመጧቸው አሥሩ አረጋውያን ተከተሏቸው። አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ በአዳራሹ በር ላይ ተደረደረ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም ይላል» አልኳቸው።

«ለእሱ አያስፈልገው ይሆናል። ለኦሪቱ ነው በይው።»

ተረጎምኩለት። ጥበቃው ኃላፊዋን ጠራ። በወግ ልተዋወቃት የፈለግኋት ሴት በካልሲ ከቆሙ አሥራ አንድ ሰዎች መካከል አገኘችኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ይህን የሚያነብ ሰው እንዳላቸው በእኔ በኩል ጠየቋት። ገና እየፈለጉ መሆናቸውን በትሕትና መለሰች። የገቡልኝ ቃል በዚሁ አበቃ።

«እየፈለግን ነው? ሦስቴ አፕላይ አድርጋ መልስ የነሣችኋት ይቺ ናት በያት! ዶክተር ናት። ግዕዙን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። ሪሴፕሽን ላይ አቁመን ቁልፍ የምናሳድላት ሰው ናት ወይ በያት!»

ጎብኚው ለብራናው አያያዝ ያላቸውን አድናቆት እንደገለጹ አድርጌ ተረጎምኩ።

«አሳጠርሽው» አሉ።

«አላሳጠርኩም።»

«ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እንግሊዝኛ እሰማለሁ፤ መናገሩን ነው የናቅሁት። ድገሚው።»

ከኋላ ከአረጋውያኑ አንዷ እማማ ዘነበች ጮኹ፦ «ኧረ ንገሪያት ልጄ፣ ወለሉ በብርድ ጨረሰን!»

ስለ ሌላ ሰው የማወራ በሚመስል ድምፅ ሁሉንም ተረጎምኩ፤ ውሃውንም ጭምር። ኃላፊዋ አልሳቀችም። ስልክ ቁጥሬን ጠየቀች።

በቫኑ ስንመለስ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

«ተቀየምሽኝ?»

«አዎ።»

«ይሁን። ሥራውን ስታገኚ ይለቅሻል።»

አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ ሲደውሉ አላነሣሁም፤ ሕመማቸው ሲጠናም ሰላምታ በሰው ላክሁ። በትምህርቴ ያላስከፈትኩትን በር በእርሳቸው ጩኸት ማለፌን አምኖ መቀበል ከበደኝ። የእርሳቸውን ጥፋት ስቆጥር የሰነበትኩት የራሴን ላለማየት ነበር።

ጋሽ ወርቅነህ፣ ሥራውን አግኝቻለሁ። ደብዳቤው የደረሰኝ እርስዎ ሊያርፉ ዘጠኝ ቀን ሲቀርዎት ነበር። ዘጠኙንም ቀን የስልክ ቁጥርዎ በእጄ ላይ ነበር፤ ጊዜም አላጣሁም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ በስንት ቋንቋ እንደማውቀው እርስዎ ራስዎ ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። አመሰግናለሁ። ደኅና ይሁኑ።