አንድ ዳዮድና የአባቴ ጆሮ

የአባቴን አምፕሊፋየር ክዳን ሳነሳ ቀድሞ የመታኝ ሽታው ነበር። የበረሮ ኩስ፣ የተቃጠለ ቀለምና አንድ የሞተ ነገር ተደባልቀዋል። ትራንስፎርመሩ ላይ የቤት እንሽላሊት ደርቃ ተጣብቃለች። አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ቀጠልኩ። ኤሌክትሪክ ምህንድስና በተማርኩባቸው ዓመታት ስለ በረሮ የነገረን መምህር አልነበረም።

አባቴ ጡረታ የወጣ ነርስ ነው፤ የሥራ ዘመኑን በሙሉ ያሳለፈው እዚሁ ጋምቤላ ነው። ባለፈው ክረምት ወባ ጠንቶበት ኩዊኒን በግሉኮስ ተሰጠው። ኩዊኒን ጆሮ እንደሚያጮህ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለስንቱ በሽተኛ ሰጥቶ «አይዞህ፣ ያልፋል» ሲል ኖሯል። በዚያው ሰሞን ድምፅ የሚያጎላለት አምፕሊፋየር ተቃጥሎ ገበያ ያለ ጠጋኝ ሠርቶለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ራዲዮኑን በአምፕሊፋየሩ በኩል ሲያዳምጥ አንድ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ከሰው ንግግር በላይ እየሆነበት መጣ። ጆሮዬ ነው አለ። አብራን የምትኖረው አክስቴም ኩዊኒኑ ነው አለች። ጎረቤትም ያንኑ ደገመ። እኛ ሰፈር ለጆሮው ኩዊኒንን ያላማ ሰው የለም። መሣሪያውን የጠረጠረ አልነበረም። ማቀዝቀዣው፣ ቬንትሌተሩና የጎረቤት ጄኔሬተር በሚያጉረመርሙበት ቤት አንድ ተጨማሪ ጉርምርምታን ማን ይለያል?

ከትምህርት ተመልሼ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ምሳ ላይ ሳለን፣ አባቴ በመጪው እሑድ ከእድሩ ሽማግሌነት እንደሚወርድ ነገረን።

«የሰው አቤቱታ ግማሹን ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ ምን ይባላል? ሌላ ፈልጉ እላቸዋለሁ።»

አክስቴ አቀረቀረች። አባቴን ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው፣ ጺሙን የሚያስላጨው ያ ሽምግልና ብቻ ነበር።

«መብራት ሲጠፋ ደህና ነኝ እኮ» ብሎ ቀጠለ። «ያኔ ጆሮዬ ያርፋል።»

«አባዬ፣ አሁንስ ይጮህብሃል?»

«አሁን የለም።»

«ራዲዮኑ ስለተዘጋ ይሆን?»

«ጆሮ የሚደክመው ሲያዳምጥ ነው። ደግሞ ሕክምና ልታስተምሪኝ ነው?»

ከአባቴ ጋር አለመከራከር ልማዴ ነው። እሱ ሲወጣ ግን ክዳኑን አነሳሁ።

ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። አምፕሊፋየር ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ይፈልጋል። ይህን የሚያስተካክለው ሬክቲፋየሩ ነው። በአባቴ አምፕሊፋየር ውስጥ ለዚህ ሥራ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ትንንሽ ዳዮዶች ተገጥመው ነበር፤ ሁለቱ የሚሄደውን፣ ሁለቱ የሚመለሰውን ተቀብለው ወደ አንድ አቅጣጫ ይመራሉ። አራቱም የሉም። ቦታቸው ጠቁሯል። በምትካቸው አንድ ዳዮድ ብቻ በሽቦ ተጠምዝዛ፣ ብየዳ እንኳ ሳይነካት፣ በቁስል ፕላስተር ተጠቅልላለች። አንድ ዳዮድ የሚሄደውን አሳልፋ የሚመለሰውን ትጥለዋለች። የሚቀረውን ክፍተት ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቀው ካፓሲተር መሙላት ነበረበት፤ እሱም አብጦ የሚያጣብቅ ነገር ተፍቷል። ክፍተቱ በድምፅ ማጉያው ሲወጣ አባቴ በጆሮዬ አለ የሚለው ጉርምርምታ ይሆናል። በዚያ ላይ እንዲህ ያለ አሠራር ትራንስፎርመሩን ያግላል። ለዚህ ነበር ጠጋኙ አባቴንና አክስቴን ክዳኑን ሳያስሩ እንዲተዉት የመከራቸው። ሙቀቱን ፈልገው በረሮና እንሽላሊት ገቡ።

ጠጋኙ ሱቅ ያለው ገበያው አጠገብ ነው። ከጎግና ከአቦቦ ወረዳዎች የመጡ ራዲዮኖች የባለቤቶቻቸው ስም ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ ምን ዓይነት ፕላስተር እንዳለ አሰብኩ።

«ጋሼ፣ የአባቴን አምፕሊፋየር የሠሩት እርስዎ ነበሩ?»

«ቀስ በይ እንጂ እህቴ! እኔ ኩዊኒን አልወሰድኩም።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ፊቴ ጋለ።

«አራት ዳዮድ ነበረው። አንድ ነው ያስገቡት።»

«አልሠራም?»

«ይሠራል። ግን ያጉረመርማል።»

«ኧረ ኢንጂነር! ለሽማግሌ ጆሮ ይበቃል።»

ይህን ሲል በብሎን መፍቻ ጫፍ ጆሮውን እየኮረኮረ ነበር። ጨርሶ ጫፉን ሱሪው ላይ ጠረገና በዚያው እጁ አንዲት ትንሽ ላስቲክ ዘረጋልኝ።

«እንዲህ ካማረሽ ፈጣን ዳዮድ አለኝ። ለሙዚቃ የተሠራ። አንዷን ግጠሚለት፣ ጥርት ይላል።»

ላስቲኩን አልነካሁም። ፈጣን ዳዮድ የሚጠቅመው ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ በሺዎች ጊዜ በሚመላለስበት መሣሪያ ነው፤ ለሃምሳው የእኛ መብራት ተራው ይበቃል። ደግሞ ፈጣንም ብትሆን አንዷ ያው አንድ ናት። ሁለት ዳዮድ ብቻ አድርጎ መሥራትም ይቻላል፤ ግን ትራንስፎርመሩ ከመሃሉ የሚወጣ ሦስተኛ ሽቦ ይፈልጋል፤ የአባቴ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንዳንድ ልጆች በመስታወት አምፖል ስለሚሠራው ስለ ጥንቱ ሬክቲፋየር ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራ ነበር። ቀይ ብርሃኑ ያምራል ይላሉ። እሱ ራሱ ምድጃ ነው፤ በጋምቤላ ሙቀት ቤት ውስጥ ሌላ ምድጃ ማን ያስገባል?

«ተራውን ብሪጅ ይስጡኝ» አልኩ። አራቱ ዳዮዶች ባንድ ላይ የታሸጉበት ጥቁር ዕቃ ነው። «ወፈር ያለውን። አዲስ ካፓሲተርም።»

«ተራ?»

«ተራ።»

ከማላውቀው ሰው ጋር እንዲህ ተከራክሬ አላውቅም። ከፍዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የአምፕሊፋየሩን ውስጥ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። እንሽላሊቷን በወረቀት ይዤ ስነቅላት ቆዳዋ ትራንስፎርመሩ ላይ ቀረ፤ ወጥቼ አስታወኩ። ተመልሼ ብሪጁንና ካፓሲተሩን በየድኩ። አየር ማስገቢያውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኜ ክዳኑን በብሎን አሰርኩት።

ከሰዓት በኋላ አባቴ እንደ ልማዱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ዜና አንባቢው ሲጮህ ከወንበሩ ዘለለ።

«ሰውዬውን ምን ነካው?»

ቀነሰው። ደግሞ ቀነሰው። ከዚያ ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግቶ ቆየ።

«የት ሄደ?»

«ምኑ አባዬ?»

«ጆሮዬ ውስጥ የነበረው።»

አሮጌዋን ዳዮድ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለትና አንዷ ዳዮድ ምን ታደርግ እንደነበር አስረዳሁት። ይደሰታል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፕላስተሩን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ።

«ይህን ያህል ወር ራሴን መረመርኩ። እኔ ደግሞ ነርስ ነኝ እላለሁ።»

«እሺ፣ እኔ ስጠራህ የማትሰማውስ?» አለች አክስቴ ከጓዳ።

«እሱ ሌላ ነው።»

እሑድ ተላጭቶ ሄደ። ሲመለስ ደጅ ላይ ጠበቅነው።

«ሰማህ?» አለችው አክስቴ።

«አንድ ሳይቀር።» ፊቱ ተኮማትሯል። «ሁለት የእድሩ አባላት በሟቹ ልጅ ፊት ስለ ድንኳን ሲሰዳደቡ! የድስቱ ነገር ደግሞ አይነሳ። ለካ ግማሹ እያመለጠኝ ኖሮ ነው ጨዋ የመሰሉኝ።»

«ታዲያ ወረድክ?»

«እንዲህ ጥያቸው? ማን ሊዳኛቸው?»

አክስቴ እልል ልትል ስትል በእጁ ከለከላት። ምሳ ቀረበ። ተቀምጦ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ ጠጋኙም ስብሰባው ላይ እንደነበረና ስለ እኔ ጉብዝና ለሰው ሁሉ ሲያወራ እንደዋለ ነገረኝ።

«ጨበጥከው?» አልኩ፣ ጆሮውን የሚኮረኩርበት እጁ ትዝ ብሎኝ።

«ምን ላድርግ ልጄ? የእድራችን ሰው ነው።»

ተነስቼ ውሃና ሳሙና አመጣሁለት።