እምነት ያፈነው ሞተር

የመርሳ ከተማ ነዋሪዋ የሻረግ፣ መኪናን የምትፈራው እንደ እባብ ነው። ሹፌሩ ባሏ ሀይሉ ከውርጌሳ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ከነጭነቱ ገደል ገብቶ ከቀረ ጀምሮ፣ ፍሬን ሲንጫጫ በሰማች ቁጥር ታማትባለች። ልጇ ገዛኸኝ አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ገዝቶ ግራና ከምትባለው ከተማ ወደ ወልድያ ማንጎ ማመላለስ ሲጀምር አልከለከለችውም። እንደማይሰማት ታውቃለች። የምትችለውን ግን አደረገች፤ ማንም አላወቀባትም።

ዘንድሮ ፒካፗ ወልድያ ለዓመታዊ ምርመራ ቀርባ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ጭሷ ከል የለበሰ ነው። ሦስተኛም ከወደቀች ቦሎ የለም፤ ያለ ቦሎ ደግሞ ሥራ የለም።

«ከቆመችማ የጅቡቲ ተሳቢ እይዛለሁ» አለ ገዛኸኝ ምሳውን እየጎረሰ።

በማግስቱ ወደ መካኒኩ ወደ ኢዘዲን ሲሄድ፣ የሻረግ «እኔም እመጣለሁ» ብላ ጎኑ ተቀመጠች።

ኢዘዲን ኮፈኑን ከፍቶ «ጋዝ ስጥ!» አለ። ግቢው በጭስ ጨለመ።

«ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ትበላለች እል ነበር። ይሄ ጥቁር ነው፤ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው። ወይ ነዳጅ በዝቶባታል፣ ወይ አየር አንሷታል።»

«የአየር ማጣሪያውን ባለፈው ሳምንት ቀየርን እኮ!»

«እንግዲያ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ነው። ካልሆነም ሞተር ማውረድ። ወላሂ፣ ይህችን ከማዳን ሌላ መውለድ ይቀላል።»

ገዛኸኝ አልሳቀም። «በቃ፣ ጅቡቲ» አለ።

«አየሩን… በየት ነው የምትስበው?» አለች የሻረግ ወደ ኮፈኑ ጠጋ ብላ።

«ከማጣሪያው በፊት ባለው በዚህ ቱቦ ነው፣ እማማ» አለ ኢዘዲን።

ያው ራሱ ነው። ብትናገር ልጇን ያለ ጠባቂ መንገድ ላይ ልትጥለው ነው፤ ዝም ብትል የጅቡቲ በረሃ አለ። ሁለቱም ሞት መሰላት። የኋላ ኋላ የቅርቡን መንገድ ሞት መረጠች።

«እዚያ ውስጥ የሚካኤል እምነት አለ። አፈሩን በጨርቅ ቋጥሬ… ወንበር ሥር ባደርገው ጠርጎ ይጥለዋል ብዬ ነው።»

ኢዘዲን ጉጠቱን አስገብቶ በአቧራ የጠቆረ ቋጠሮ ጎትቶ አወጣ። ሁለተኛ ተከተለ። ሦስተኛ። አራተኛ።

«ስንት ነው፣ እማማ?»

«በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል አንድ።»

«እኛ ክታብ አንገት ላይ ነው የምናስረው፤ አንቱ ጉሮሮዋ ውስጥ ወተፉት!»

እንዲህ ብሎ ቢቀልድም፣ ቋጠሮዎቹን ከአቧራቸው አራግፎ በሁለት እጁ መለሰላት። ገዛኸኝ ሊቆጣ ዞረ፤ ዓይኗን ሲያይ ግን ገብቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ። ሞተሩን ሲያስነሳ ጭሱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ፒካፗ ምርመራውን አለፈች። ገዛኸኝ አንዱን ቋጠሮ ለምኖ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

የሻረግ ግን ፍርሃቷ አልለቀቃትም። ድሮ ከመታጠፊያው ጥቁር ጭስ ብቅ ሲል «መጣልኝ» ትል ነበር። አሁን ያ ምልክት የለም። ሲመሽ ሲመሽ ሦስቱን ቋጠሮ ጨብጣ መንገድ ዳር ትቀመጣለች፤ መኪና በመጣ ቁጥርም ትነሣለች።