የመጀመሪያው አርባ ሰከንድ

ከሐረር በወጣሁ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደኝ ሚኒባስ አቦከር ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆሞ ክላክስ ያደርጋል፤ እማዬ ደግሞ ከአልጋዋ ቀና ብላ የሹራቤን ቁልፎች አንድ በአንድ ትቆልፍልኛለች። ጣቶቿ ቢጫ ነበሩ፤ ዓይኖቿም። አባባ፣ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐረር ያስተማሩት አባቴ፣ ሻንጣዬን አንስተው "ጨጓራ ምን አላት፤ ስትመለሺ ድና ታገኛታለሽ" አሉኝ።

ጨጓራ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከአራት ቀን በፊት ለብቻዬ ጠርቶ ጉበቷ እንዳለቀ፣ የቀራት ጥቂት ሳምንት እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ቪዛው ተመቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል። ብናገር መሄድ ቀረ። አልተናገርኩም።

ይህን ዛሬ ሐረር ያላችሁትም እዚህ ጀርመን ያላችሁትም ታውቃላችሁ፤ ከራሴ አንደበት ሰምታችሁታል። እንዴት እንደሰማችሁት ግን የነገራችሁ የለም።

ሽቱትጋርት የገባሁት ኦፔር ሆኜ ነው፤ ሰው ቤት እየኖሩ ልጅ መጠበቅ ማለት ነው። ከተማዋ ዳገትና ደረጃ ብቻ ናት፤ ስወጣና ስወርድ የጀጎል ጠባብ መንገዶች ትዝ ይሉኛል፤ እዚያ ግን ትከሻ ለትከሻ ተነካክቶ ሰላም ሳይባባሉ ማለፍ የለም፤ እዚህ ሰው ሲያይሽ ግድግዳውን ይጠጋል። ለወራት ያገኘሁትን ጠርሙስ ሁሉ ውሃ እየሞላሁ አልጋዬ ሥር እደረድር ነበር፤ ሐረር ውሃ እስኪመጣ ጀሪካን ደርድሮ ያደገ ሰው ቧንቧ አያምንም።

እማዬ ከሐረር በወጣሁ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አረፈች። በማግስቱ የመኖሪያ ፈቃድ ቀጠሮ ነበረኝ። ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ።

"እናትሽ በሕይወት አለች?" አለችኝ ሠራተኛዋ፣ ዓይኗን ከፎርሙ ሳታነሳ።

"ትናንት ሞተች።"

"እዚህ ግን አለች ብለሽ ሞልተሻል።"

"ስሞላው ነበረች።"

"እንግዲያው ፎርሙ ልክ አይደለም። አዲስ ሞልተሽ፣ አዲስ ቀጠሮ ይዘሽ ትመጫለሽ።"

ከዚያ ቢሮ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ለቅሶው ያኔም አልመጣልኝም።

ዓመታት አለፉ። ቋንቋውን ለመድኩ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ያዝኩ፣ ኢክራምንም አገኘሁ። ኢክራም የጀጎል ልጅ ናት፤ አባቷ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ሐረር አንድ ትምህርት ቤት ነበርን፤ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ እኔ እጽፍ ነበር፣ እሷ ታነብ ነበር። ባዕድ አገር ላይ ስንገናኝ እህት ያገኘሁ መሰለኝ።

ስለ ስደተኞች ፖድካስት ጀምራ ነበር፤ ሰው ግን ሳይሰማ ይዘጋዋል።

"አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆዩልኝም" አለችኝ። "ምኑ ላይ ነው ያበላሸሁት?"

አዳመጥኩት። ሙዚቃ፣ ከዚያ ሰላምታ፣ ከዚያ የምስጋና መዓት። ሙዚቃውም ድምጿን ውጦታል።

"ሰላምታሽ ረጅም ነው" አልኳት። "መጀመሪያ አንድ ሰው ይናገር። ከታሪኩ መሐል፣ በጣም የከበደውን ነገር። ከዚያ ስምሽን፣ ዝግጅቱ ስለ ምን እንደሆነ፣ ዛሬ ምን እንደሚሰማ ተናገሪ። ሁሉም ከአርባ ሰከንድ እንዳይበልጥ። ሰው ቀጥሎ ምን ሆነ እያለ ይቀመጣል።"

አብረን ጻፍነው። አንድ ቅዳሜ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ካፖርቶቿ የተሰቀሉበት ጓዳ ውስጥ አስቀምጣኝ ማይኩን አፌ ሥር አደረገች። "የድምፅ ሙከራ ነው፤ የፈለግሽውን አውሪ" አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ጨለማው ይሆናል፣ ለማንም ያልነገርኩትን የሐኪሙን ነገር አወራሁ። አለቀስኩም። ከዚያ ደንግጬ "ይሄ ይጠፋል አይደል?" አልኳት።

"ወላሂ ይጠፋል" አለችኝ፤ እንባዬን የጠረገችውም እሷ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ባቡር ውስጥ ወደ ሥራ ስሄድ የፖድካስቷን አዲስ ክፍል በስልኬ ከፈትኩ። "እናቴ እንደምትሞት አውቅ ነበር። ጨጓራ ነው ብዬ ሄድኩ" አለ ድምፄ። ከዚያ የኢክራም ስም፣ የዝግጅቱ ስም፣ ልክ እንዳስተማርኳት። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ።

ከባቡሩ ወርጄ ደወልኩላት።

"ስምሽን እኮ አልጠራሁም" አለችኝ።

"አባቴ ድምፄን አያውቁም?"

"ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማው። እንዳንቺ ምስጢር የተሸከመ ስንት ሰው ጻፈልኝ መሰለሽ። ደግሞ መግቢያው እንዲህ ይሁን ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ምለሽልኛል፣ ኢክራም።"

ማታውን ዝግጅቱን ከኢንተርኔት አጠፋችው፤ ግን በቴሌግራም ተቀባብለውት ሐረር ደርሶ ነበር። ወንድሜ ዳዊት ደውሎ "ጎረቤት አምጥቶ አሰማቸው፤ ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ" አለኝና ስልኩን ለአባባ ሰጣቸው።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እናትሽ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሊነጋጋ ሲል እየቀሰቀሰች የንስሐ አባቷን እንድጠራላት ትለምነኝ ነበር። ለጨጓራ ደግሞ ቄስ ይጠራል ወይ ብዬ እስቅባታለሁ። ሦስት ጊዜ ለመነችኝ። ሳትቆርብ ሄደች።"

መልስ ሳይጠብቁ ስልኩን ለዳዊት መለሱለት።

ኢክራም ብዙ መልእክት ልካለች፤ አልከፈትኩትም። እሁድ እሁድ ቤት እደውላለሁ። ዳዊት ያነሳና "ቤተ ክርስቲያን ናቸው" ይለኛል። ቅዳሴ ካለቀ በኋላም ደውያለሁ፤ ከሰዓትም ደውያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።