እማዬ ያጠበቀችው ክዳን

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እታለም ነው የምላት። ሰው ወፍሮ ሲመጣ ታሰፋለታለች፣ ከስቶ ሲመጣ ታጠብብለታለች፤ በሁለቱም ጊዜ «ምን ሆነህ ነው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ደንበኞቿ ዝምተኛ ናት ይላሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝምተኛ አይደለችም። አፏ ውስጥ ሁልጊዜ ስፒል ስለያዘች ነው። ስፒሉን የተፋች ቀን ምን እንደሚከተል የምናውቀው እኛ አብረናት ያደግነው ነን።

እማዬ ከሁለታችን ጋር ትኖራለች። ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው፤ የዱቄቱ፣ የዘይቱና የስኳሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነበረች። ጠላቶቿ አይጥ፣ ጉንዳንና አቧራ ነበሩ። እሷ ጡረታ ስትወጣ ሥራው አብሯት አልወጣም። እራት ተበልቶ ሲያበቃ እርጥብ ጨርቅ ትይዝና ቤቱን ትዞራለች። የዘይቱን ዕቃ ታጠብቃለች፣ ጨውን፣ ስኳሩን፣ ሻምፖውን፣ የኔን የፊት ቅባት ሳይቀር። «ያልተከደነ ነገር ባለቤት የለውም» ትላለች። ጠዋት ሥራ ረፍዶብኝ ከጥርስ ሳሙና ክዳን ጋር ግብግብ የምገጥመው እኔ ነኝ። የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ስጮህ እውላለሁ፤ ጩኸቱን የምጀምረው ግን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው።

አሁን አሁን እማዬ ትረሳለች። ምሳ መብላቷን ትረሳለች፣ የጎረቤታችንን ስም ትረሳለች። ክዳን ግን አትረሳም።

ታላቅ ወንድማችን ጋሼ የግንባታ ዕቃ መደብር አለው። ሲመቸው ይመጣል፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ቁልፉን እያየ ያወራል። ወሬው አንድ ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያው። ንጹህ ነው፣ ነርስ አለው፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ አለ። «እናንተ ሥራ ስትሄዱ ማን ያያታል?» ይላል። ጎረቤታችን ብቅ እያለች ታያታለች እንለዋለን። «ብቅ ማለትና ማየት ይለያያል» ይላል። ንግግሩ እውነትነት ያለው መሆኑ ይበልጥ ያበግነኛል። ሰው ትክክል ሆኖም ሊያናድድ እንደሚችል ያስተማረኝ እሱ ነው።

የኬፊሩ ነገር የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። ሐኪሙ እማዬ ለስላሳ መጠጥ እንድትተውና ውሃ እንድትጠጣ አዘዘ። እማዬ ደግሞ ውሃ አትወድም። «ውሃ ለመታጠቢያ ነው» ትላለች፣ ለሐኪሙም ፊት ለፊት ነገረችው። እታለም የምትሠራበት ስፌት ቤት ልብስ የምትተኩስ ሴት አለች፤ ካውያዋ ሥር ስለማትጠፋ ሁሉም እንፋሎት ነው የሚሏት። ይቺ እንፋሎት ችግራችንን ሰማችና አንድ ቀን በትንሽ ጠርሙስ የውሃ ኬፊር ፍሬ ይዛ መጣች። ፍሬ ይባል እንጂ የሚዘራ አይደለም። የተሰባበረ በረዶ የሚመስል፣ ስኳር እየበላ የሚኖር እርሾ ነው፤ የስኳር ውሃን ኮምጠጥ ያለ፣ አረፋ ያለው መጠጥ ያደርገዋል።

ሙያውን ስትነግራት እኔም ነበርኩ፤ ልብስ ለማሳጠር ሄጄ። «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። ዕቃሽንም በፈላ ውሃ አለቅልቂው» አለቻት። «ውሃ አፍልተሽ ስኳር አሟሚበት፣ ከዚያ እስኪበርድ ጠብቂ። በትኩስ ውሃ ከጨመርሽው ትገድይዋለሽ፣ ገድለሽው ደግሞ እኔ ዘንድ እንዳትመጪ። አፈ ሰፊ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጊውና አፉን በጨርቅ ሸፍኚው። በጨርቅ ነው ያልኩሽ! ይተነፍሳል። ፀሐይ አታሳዪው። አንድ ሁለት ቀን ቆይተሽ ቅመሺ፤ ጣፋጭነቱ ቀንሶ ኮምጠጥ ካለ በላስቲክ ወንፊት አጥልይው። ፀጉር ያወጣ ሻጋታ ካየሽ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ሮዝ፣ ወይ ጥቁር ነገር ካየሽ፣ ወይ ጠረኑ ከቀፈፈሽ፣ አትሳሺለት፤ ከነፍሬው ድፊው። ላዩን ገፍፌ ልጠጣ የምትል ሰው ሞኝ ናት።»

«አረፋ እንዲኖረውስ?» አለች እታለም፣ ስፒሉን በከንፈሯ ጥግ ይዛ።

«ፍሬውን አውጥተሽ መጠጡን ብቻ ለአረፋ መጠጥ በተሠራ ወፍራም ጠርሙስ ትቀጂዋለሽ። አትሙይው። እየከፈትሽ አስተንፍሺው፣ ቶሎ ፍሪጅ አስገቢው። ከረሳሽው ይፈነዳል። ቀልድ አይደለም።»

እታለም ጥንቁቅ ናት። ለእማዬ ከመስጠቷ በፊት ሐኪሙን ጠየቀችው። እሱም መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ስኳርም ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ፣ በጣም ጥቂት አልኮልም እንደማያጣው ነግሮ፣ ከመድኃኒቶቿ ጋር አመሳክሮ በትንሽ ብርጭቆ ፈቀደላት። የመጀመሪያውን እማዬ ስትቀምስ ዓይኗን ጨፈነች። «ይሄማ ለስላሳ ነው፤ ዋሽታችሁኛል» አለችና ድገሙኝ አለች። ወራት ሙሉ ስንለምናት የኖርን ሰዎች ተያይተን ሳቅን።

ከዚያ የሙቀቱ ሳምንት መጣ። ስፌት ቤቱ የአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ ይዞ ሥራ በሥራ ሆነ። አንድ ጠዋት እታለም ከቀዳቻቸው ጠርሙሶች የመጨረሻዋን ልታስተነፍስ ከፈተች፤ ስልኳ ጮኸ፤ ክዳኑን ሳታጠብቅ ጣል አድርጋበት መደርደሪያ ላይ ትታ ሮጠች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው። ማታ እማዬ በጨርቋ ዞረች። ክዳኑ የተላቀቀ ጠርሙስ አገኘች። አጠበቀችው። አቧራ እንዳያገኘው ብላም ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እታለም ደክማ ገብታ ስለነበር ጠርሙስ መጉደሉን ልብ አላለችም።

ቅዳሜ ጋሼ መጣ። ቁልፉን አስቀመጠ። ስለ ዛፉ ማውራት ጀመረ። እታለም ጠረጴዛው ዳር የሚዜ ቀሚስ ጠርዝ ትቀመቅማለች፣ አፏ ስፒል ነው። እማዬ ወጥ ቤት ነበረች።

ፍንዳታው ቤቱን አናወጠው። ሮጠን ስንገባ የቁም ሳጥኑ በር ተበርግዷል፣ ወለሉ በብርጭቆ ስባሪ ተሞልቷል፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ውሃ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይንጠባጠባል። እማዬ መሃል ላይ ቆማ የእጇን ጀርባ ታያለች። ተቆርጣለች። እታለም በቀሚሱ ትራፊ ጨርቅ ቁስሉን ተጭና ያዘችላት፤ እኔ ከነጫማዬ ገብቼ ስባሪ መጥረግ ያዝኩ። የጠርሙሱን አንገት አገኘሁት። ብርጭቆው ተሰባብሮ ክዳኑ አሁንም እንደተቀረቀረ ነበር። በዚህ ቤት እንደዚያ የሚያጠብቅ እጅ አንድ ብቻ ነው።

«ማነው የዘጋው?» አለ ጋሼ።

«እኔ ነኝ» አለች እታለም በጥርሷ መሃል።

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ አላየሽም?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኩ፣ የጠርሙሱን አንገት ቆሻሻው ውስጥ እየቀበርኩ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ሕፃን ልጅ የማያደርገውን አድርገሽ እናታችንን ልትገድያት ነበር። ይሄ ቤት ለእሷ አይሆንም አላልኩም? በቃ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ቦታውን አሳያታለሁ።»

እማዬ ቀና አለች። «ልጅቷን አትቆጣት። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ክፍት ሆኖ አገኘሁት» አለች።

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ድምፁን አለሰለሰው፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «አያችሁ? እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ጥፋቷ አይደለም። አታውቅም።» አታውቅም! እናታችን እዚያው ቆማ እየሰማች። ደሜ ፈላ፤ በእጄ መጥረጊያ ባልይዝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ።

እታለም ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋች።

«ማን ነው የማታውቀው?» አለችው። «አንተ ዳዴ ስትል የነጭ ጋዝ ጠርሙስ አግኝተህ ውሃ መስሎህ ልትጠጣ ስትታገል ተገኝተሃል። ክዳኑ ጠብቆ አልከፈት ብሎህ እያለቀስክ! ይሄንን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። የዛሬውን መደብርህን፣ መኪናህን፣ ያንን ቁልፍህን ያገኘኸው የእሷ እጅ ክዳን ስለሚያጠብቅ ነው። ዛሬ ያ እጅ አደጋ ሆነብህ? ጥፋቱ የኔ ነው። ክፍት ትቼ የሮጥኩት እኔ ነኝ። የማታውቅ ብለህ እንደገና ብትጠራት እዚህ ቤት እግርህ አይረግጥም።»

ጋሼ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ በሩ ላይ ሆኖ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት እሱ ነው።

እኔ የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዚያ ማታ እማዬ አልዞረችም። በማግስቱም አልዞረችም። ስኳሩ ተከፍቶ አደረና ጉንዳን ወረረው። ወተቱ ሳይከደን ዋለ። ጠዋት የጥርስ ሳሙናዬ እንደተከፈተ አገኘሁት፤ ክዳኑን በእጄ ይዤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻዬን ተነፋረቅሁ። ወጥ ቤት ስንገባ እማዬ እጇን ከጀርባዋ ታደርጋለች። «አልነካሁም» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ዕድሜ ልኳን የሰው ምግብ ስትጠብቅ የኖረች ሴት በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ «አልነካሁም»! ጋሼን በዚያ ሳምንት አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ቲኬት መቁረጫዬን አቀምሰው ነበር።

እታለም ንዴቷን ይዛ ወደ እንፋሎት ሄደች። እንፋሎትም አልማረቻትም። «ነግሬሽ አልነበር? ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው! አሁን ስሚ። ከአፈ ሰፊው አጥልለሽ ወዲያው ፍሪጅ አስገብተሽ ጠጡት፣ አረፋው ይቅርባችሁ። አይ፣ እናቴ አረፋ ትወዳለች ካልሽ ብርጭቆ የሚባል ነገር እንዳትነኪ። የለስላሳ ላስቲክ ጠርሙስ ያዢ። ጫን ጫን አድርጊው፤ ደደር ሲል ቀስ ብለሽ አስተንፍሺና ወደ ፍሪጅ። ላስቲክ ነው ብለሽ አትርሺው እንጂ እናትሽ የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁት ስባሪ አይወጣውም።»

እታለም በዚያው ቀን ለአፈ ሰፊው ክዳን ሰፋችለት። ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጥጥ፣ ጠርዙ ላይ ላስቲክ የገባበት፣ ትንሽ ቆብ የሚመስል። «እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው። የዚህ ዕቃ ክዳን አንቺ ነሽ» አለቻት። እማዬ ቆቡን አገላብጣ አየችው፣ ስፌቱን አመሰገነች፣ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ጋሼ መጣ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ የሰበሰብኩትን ስድብ ደርድሬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እታለም አፏ ውስጥ አንድም ስፒል አልነበረም። እማዬ ግን ጥሩ ልብሷን ለብሳ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣ ጠበቀችው። እንሂድ ሳይላት ተነሳች። ጋሼ ቦርሳውን ሲያነሳው ዚፑ ክፍት ነበርና ሹራቧ ወለል ላይ ወደቀ።

«እማዬ፣ ቦርሳሽን አልዘጋሽውም እኮ» አላት።

እጇን ከጀርባዋ እንዳደረገች አየችው። «ልዝጋው? ይፈቀድልኛል?»

አልቅሷል ብዬ አልዋሽም፤ አላለቀሰም፣ ቢያለቅስ ደስ ይለኝ ነበር። ሹራቡን አነሳ። ወደ ቦርሳው መለሰው። ዚፑን ይዞ ቆየና ሳይዘጋው ቦርሳውን አስቀመጠ። «ዛሬ ይቅር» አለ። የደረደርኩት ስድብ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

እታለም ወጥ ቤት ገብታ ከአፈ ሰፊው ያጠለለችውን በላስቲክ ጠርሙስ ቀዳች። ክዳኑን ለብቻው ይዛ መጣችና ከእርጥብ ጨርቁ ጋር ለእማዬ ሰጠቻት። «ለጋሼ ነው፣ ለመንገዱ። ዝጊልኝ። አጥብቀሽ።»

እማዬ ጋሼን አየችው፣ እታለምን አየች። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ጨርቁን ጠቀለለችበትና ጠመዘዘች። የእጇ ጀርባ ላይ ቁስሉ ገና ቀይ ነበር።

ጋሼ ጠርሙሱን ይዞ ወጣ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማን፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ትንሽ ቆይቶ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ፊቱ ቀልቷል፣ መዳፉም ቀልቷል።

«እማዬ፣ እምቢ አለኝ። ክፈቺልኝ» አላት።

ተቀበለችውና በጨርቋ አንዴ ጠመዘዘችው፤ ፍሽሽ አለ።

«ያኔም አቅቶህ ነው የተረፍከው» አለችው።