ነቀዝ ያልገባበት በቆሎ

በጌዶ ከተማ መምህር ገለታ ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ ሰው ነው ይባላል። እንዲህ የሚሉት ሊያመሰግኑት ነው። ምስጋና መሆን አለመሆኑን ግን የቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን ቢመሰክር ይሻላል።

ገለታ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በሚያመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያንም የእህሉ ኃላፊነት የተሰጠው ሽማግሌ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ምእመናን የበኩራት በቆሏቸውን በዝማሬ ያመጣሉ፤ በቆሎውም ከርሞ፣ የገበሬው ቤት ባዶ በሚሆንበት ክረምት፣ ለችግረኛ ቤተሰቦች ይታደላል። ባሏ የሞተባት አስካለች ልጆቿን ይዛ ነሐሴን የምትሻገረው በዚህ በቆሎ ነው። በቀደሙት ዓመታት ግን ነቀዝ እየቀደማት፣ ለእርሷ የሚተርፋት ብናኙ ነበር።

ጥድ ነቀዝን ያባርራል ሲባል ሰምቶ ነበርና፣ ገለታ ይህን ለማስቀረት ቆርጦ ተነሣ። ከግቢው ጥድ ቅጠል እየለቀመ በጥላ ያደርቃል፤ ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን ማስክ አጥልቆ ይወቅጣል፤ ከዚያም በአረቄ ይዘፈዝፋል። መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሽማግሌ ጀሪካን አንጠልጥሎ በጠራራ ፀሐይ አረቄ ቤት ሲገባ፣ ጌዶ የሚሰነብት ጨዋታ አገኘች።

«ለነቀዝ ነው» አላት ባለቤቲቱን።

«አይዞዎት መምህር፤ እዚህ የሚመጣው ሁሉ የሚገድለው ነቀዝ አለው።»

ሳቁን ችሎ ጀሪካኑን አስሞልቶ ወጣ። ለጥዱ ሲል መሳቂያ መሆን አልከበደውም፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።

ተጠልሎ የወጣው አረንጓዴ ፈሳሽ በመጀመሪያ በቤቱ ተፈተነ። በፀሐይ ካደረቀው የራሱ በቆሎ ግማሹን በጥድ በታሸ ጆንያ፣ ግማሹን በተራ ጆንያ አስቀመጠ። ተራው ነቀዘ፤ የጥዱ ደህና ከረመ። ቀጥሎ ወደ ሚስቱ ወደ ኤቢሴ ቅቤ ዞረ። ጥድ ቅባት በአየር ምክንያት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚከላከል ነገር እንዳለው አስረድቶ፣ ጠብ ጠብ አደረገበት። ኤቢሴ ወጡን ቀመሰች።

«ገለታ፣ ቅቤው እውነትም አልተበላሸም። እርሳስ እርሳስ ነው የሚለው። አሁን ወጥ ሠራሁልህ ወይስ እርሳስ ቀረጽኩልህ?»

እንግዲህ ቅጠሉ እንደተነገረለት ይሠራል፤ በዚህ ገለታን የሚከስ የለም።

ሙከራው በተሳካበት ዓመት ዝናቡ ከወቅቱ አልፎ እስከ ኅዳር ዘለቀ። በኩራት ደግሞ የአዝመራው ፊተኛ ነውና፣ ሰው ሁሉ ሌላውን ለመቅደም ሳያደርቅ ይዞ መጣ። ከሁሉ የቀደመው የጉባኤው ሰብሳቢና የብዙ መሬት ባለቤት ኦቦ ሂርጳ ነበር፤ ጆንያዎቹን በእልልታ አስወረደ። ገለታ እጁን ወደ ጆንያው ሰደደ፤ ይቀዘቅዛል። አንዲት ፍሬ አውጥቶ ነከሰ። የደረቀ በቆሎ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ይላል፤ ይህች ግን ድምፅ ሳታሰማ ተጨፈለቀች።

«እንዴት ነው መምህር?» አለ ሂርጳ ፈገግ ብሎ።

ጉባኤው ያያል። ገለታ ፍሬዋን ዋጣት።

«ዋቃዮ ይባርክዎ ኦቦ ሂርጳ! ግሩም በቆሎ ነው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኤቢሴ አልተወችውም። «የእኛን ጣራ ላይ ስታሰጣ ከረምክ። የበኩራቱን ማን አሰጣው?»

«ለእግዚአብሔር የመጣ ስጦታ ይመለሳል?»

«አሁን የፈራኸው እግዚአብሔርን ነው ወይስ ሂርጳን?»

«ጥዱ ይጠብቀዋል» አለ። ጥድ ነቀዝን እንጂ እርጥበትን እንደማያባርር ከእርሱ በላይ የሚያውቅ በጌዶ አልነበረም።

ጆንያዎቹ በጥዱ ታሽተው፣ የቅጠሉ ዱቄት ተነስንሶባቸው ጥርቅም ተደርገው ታሰሩ። ገለታ አልፎ አልፎ መጋዘኑን ከፍቶ ያሸታል፤ የሚሸተው ጥድ ብቻ ነው። ሻጋታው ከሥር ሥራውን ሲሠራ መዓዛው ሸፈነለት። ወሬውን የሰሙ ሰዎች ከአምቦና ከባኮ ድረስ መጥተው፣ እነርሱም አሽትተው አደነቁ።

ሐምሌ ሲያልቅ መጋዘኑ በጉባኤው ፊት ተከፈተ። ሂርጳ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታና አፉን አየ። «አንድም ነቀዝ የለም! ሃሌ ሉያ!» እልልታው ቀለጠ። አስካለች ቁናዋን ይዛ ቀረበች፤ እጇንም ወደ ውስጥ ሰደደች። ይዛ ያወጣችው ተጋግሮ የደረቀ ግራጫ ጓል ነበር።

«መምህር» አለች፣ ጓሉን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ፤ «ነቀዙስ ምን ሊበላ ይምጣ?»

እልልታው ቆመ። ከጉባኤው መካከል የነበረች ነርስ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አይታ፣ ለሰው ይቅርና ለዶሮም እንዳይሰጥ፣ ተቆፍሮ እንዲቀበር አዘዘች።

«ይሄ የጥዱ ጣጣ ነው» አለ ሂርጳ። «እኔ ያመጣሁት ንጹሕ በቆሎ ነበር። አይደለም እንዴ መምህር?»

ለጥዱ ሊመሰክርለት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። የአረቄ ቤቱ ሳቅ ያልበገረው ያ ሰው የሂርጳን የተቋጠረ ግንባር አየና «ሊሆን ይችላል» አለ።

ከዚያ ወዲህ በጌዶ ጥድን ወደ እህል የሚያስጠጋ የለም። ሂርጳም በኩራቱን ዛሬም ከሁሉ ቀድሞ ያመጣል።

ገለታ ከቤቱ በቆሎ አንድ አህያ ጭኖ ለአስካለች አደረሰ። እርሷም አንዲት ፍሬ ነከሰች፤ ቀጭ አለች።

«ይሄ ደርቋል» አለች። «ያውቁበታል ለካ።»

አመስግናም ተቀበለችው። የሌሎቹን ችግረኞች ቤት ግን የሚያንኳኳ አህያ አልነበረም፤ ነሐሴን በጎመን ተሻገሩ።

ገለታ ለእነዚህ ቤተሰቦች የነበረበት ዕዳ ጥድም፣ የአህያ ጭነትም አልነበረም። ኅዳር ላይ፣ ጆንያው ሳይታሰር፣ በጉባኤው ፊት ይህን መናገር ነበረበት፦ «ኦቦ ሂርጳ፣ በቆሎው እርጥብ ነው፤ ወስደው አድርቀው ያምጡት።»