ለደቦ ድንጋይ የመጣ ሂሳብ

እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር ንዴቴ ይነሳል። ሌላው ሰው ልጅነቱ የሚመጣበት በትኩስ ዳቦ ሽታ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ቤት እየተሠራ ባለበት ሳልፍ ያ ቀዝቃዛ፣ አመድ አመድ የሚል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል ባለችው መንደራችን ጣራ አጥቶ የቆመው የበግ ጉሮኗችን ድቅን ይልብኝና ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። የእኛ አገር ክረምት ለበግ አይራራም፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃችንን ሲውጠው ግልገሎቹ በጭቃ ላይ ተኝተው፣ ጠዋት እየተንቀጠቀጡ ይገኙ ነበር፣ እናቴም አንዱን በጋቢ ጠቅልላ፣ ሌላውን ለእኔ አስታቅፋ ምድጃ ዳር ታሞቃቸው ነበር። በዚያ ዓመት ሰባት ሞቱብን። አባቴም መስከረም ሲጠባ፣ በቅሎዎቹን ለቱሪስት እያከራየ በስሜን ተራሮች እስከ ጨነቅ ተመላልሶ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ደባርቅ ሄደና፣ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያለው ጉሮኖ ለማሠራት ከአንድ ኮንትራክተር ጋር ተዋውሎ መጣ። ሲሚንቶው፣ እንጨቱ፣ ቆርቆሮውና ግንበኛው ከኮንትራክተሩ፣ ድንጋዩን ሥራው ቦታ ድረስ ማቅረብ ከእኛ ነበር።

በበጋ፣ እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት አባቴ ደቦ ጠራ። ሁለት ቀን ሙሉ መንደሩ ከወንዙ ተነስቶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር አልፎ፣ ወንዱ በትከሻው፣ ሴቱ በጀርባው፣ ያለው በአህያው እየጫነ ድንጋዩን ደጃችን ከመረልን፤ እኛ ልጆችም ጠጠር እንለቅም ነበር። ኮንትራክተሩ ራሱ በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ከደቦው ጠላ ሦስት ጣሳ ጠጥቶ፣ «አቤት የዚህ አገር ሰው ፍቅሩ!» ብሎ መርቆ ሄዷል። ይህን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ግድግዳው ቆመ። ፋሲካ ሲያልፍ ያው ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና ለአባቴ የሂሳብ ወረቀት ሰጠው። ከቀሪው ክፍያ ሥር «ድንጋይ ማመላለሻ፣ ዐሥር የቀን ሠራተኛ፣ ከጥር 20 እስከ 22» የሚል ተጨምሮበታል። ይህ ካልተከፈለ ቆርቆሮው ከመጋዘን አይወጣም አለ። አባቴ ለቀሪው ክፍያ ያስቀመጣት ገንዘብ አልፋ የምትተርፍ አልነበረችም፤ በቅሎዎቹ እንጀራችን፣ ጉሮኖውም ለበጎቹ ስለሆነ፣ በቤቱ ሊሸጥ የሚችለው የእናቴ ቀይ ጊደር ብቻ ነበረች። ያቺ ጊደር አያቴ ለእናቴ ለሰርጓ ከሰጧት ላም ዘር የቀረች ናት፤ እናቴ በዚያ ቤት «የኔ» የምትለው ሌላ ነገር አልነበራትም።

ሽማግሌ ሊቀመጥ በተቀጠረበት ጠዋት እናቴ ፊደል ስለማትቆጥር ወረቀቱን አስነበበችኝ። «ቀኖቹን ድገሚያቸው» አለችኝ፤ ደገምኩላት፤ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የንስሐ አባታችን ቄስ ይርዳውና ሁለት ጎረቤቶቻችን ከግንቡ በተረፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አባቴንም ኮንትራክተሩንም ሰሙ። ከዚያ ተንሾካሽከው ሲያበቁ ቄሱ፣ «ድንጋዩን ማን እንደተሸከመው እናውቃለን። ግን ቆርቆሮው በሰውየው እጅ ነው፣ ክረምቱም ደርሷል። ስለ እኛ ብለህ ግማሹን ክፈልና ነገሩ በሰላም ይለቅ» አሉት።

እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይህ ነው። ለመሆኑ የውሸት ግማሹ ምን ይባላል? ሦስቱም ልጆቻቸውን ለደቦው ልከው፣ የገዛ ልጆቻቸው የተሸከሙትን ድንጋይ ሌላ ሰው ሲሸጠው እያዩ «ግማሹን» ይላሉ! አባቴ አቀርቅሮ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ…» ብሎ ጀመረ። ግማሹም ቢሆን ጊደሯን ከመሸጥ አያድናትም ነበር።

በዚህ ጊዜ በሽማግሌ ፊት ተናግራ የማታውቀው እናቴ ከግድግዳው ጥግ ወጣ አለች።

«አባ፣ ጌታውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው?»

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«እነዚያ ሠራተኞችዎ ሦስቱንም ቀን ሠርተዋል?»

«ሦስቱንም!» አለ ኮንትራክተሩ።

«አንድም ቀን አልቀሩም?»

«አንዲት ሰዓት አልጎደለችም! እኔ ያልሠራሁትን አልጽፍም።»

«በቤተ ክርስቲያኑ በር አድርገው?»

«ታዲያ ሌላ መንገድ የት አለ?»

እናቴ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም አይደለችም? ታቦቷ ወጥታ በዚያ በር እልል ስንል አልዋልንም?»

ቄስ ይርዳው ከድንጋዩ ላይ ብድግ አሉ። «በእመቤታችን ዕለት! በታቦቷ ፊት ድንጋይ አሸከምክ?»

«ኧረ አባ! ኧረ በማርያም! በዚያ ቀንስ ማንንም አላሠራሁም!»

«በሃያስ?» አለች እናቴ። «በሃያ ሁለትስ?»

ስለ ስርቆቱ ድምፃቸውን ከፍ ያላደረጉት ሽማግሌዎች ስለ በዓሉ እየጮኹ ተቆጡ፤ ኮንትራክተሩም ከውሸትና ከበዓል መሻር ውሸቱን መርጦ፣ ያቺን መስመር በገዛ እስክሪብቶው ሰረዛት። ቆርቆሮው በሳምንቱ መጣ፣ ጊደሯም ከእናቴ ጋር ቀረች። መንደሩ ግን ክረምቱን ሙሉ «ቄስ ይርዳው እንዴት አድርገው ፈረዱ!» እያለ ሲያወራ ከረመ፤ እናቴን ያነሳ አልነበረም። እሷ ብትስቅም እኔ እስካሁን ይከነክነኛል።

ዛሬ ደባርቅ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ጎተራና በረት የሚያሠሩ ገበሬዎች ከጃናሞራ ሳይቀር የኮንትራክተር ሂሳብ ይዘው «እስቲ እዪልን» ይሉኛል። ባለፈው እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ያን ጊዜ አነሳንና፣ «ሰውየው ያችን ቀን ዘሎ ጽፎ ቢሆንስ ኖሮ?» አልኳት።

«ጊደሬ ገበያ ትወርድ ነበራ» አለች፣ እንደ ዋዛ።

ያን ጊዜ ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ ነበር፤ አሁን የሚመጣልኝ ሁሉ በኮምፒዩተር ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ነው። ገበሬው ፊቴ ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔም ከገንዘቡ በፊት ቀኖቹን አያለሁ። በዓላቱ አንድም ሳይቀር ተዘለዋል።